የዲሹ ጾም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የዚህች መጽሔት አዘጋጆች ስለ ቁጠባ እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። በ2017 ዓ.ም. በቤታችን የዲሹንና የኢንተርኔቱን ወጪ ያስቆምኩት እኔ በመሆኔ የምጽፈው የሞላልኝ መስሎኝ ነበር። ብዕሬን አንሥቼ ስጀምር ግን ታሪኩ ለመመስገን የሚሆን ሳይሆን ለንስሐ የሚሆን ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ አጀማመሬ የስብከት ወግ ባይኖረው ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ከቤታችን ነገር እነሣለሁ።

እናቴ በእንሴኖ ገበያ በርበሬ ትነግዳለች። የማረቆ በርበሬ ስሙ በአገር የታወቀ በመሆኑ ነጋዴው ሁሉ የከበረ የሚመስለው ሰው አለ። ዛላውን ከገበሬ ተረክቦ፣ በፀሐይ አስጥቶ፣ የነጣውን ከቀላው ለይቶ ለሚሸጥ ሰው ግን ከማስነጠሱና ከሳሉ በቀር የሚተርፈው ጥቂት ነው። ከእኛ ጋር የእናቴ አባት፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ ይኖራሉ። ጉልበታቸው ስለ ከዳቸው ያለ ደጋፊ ከደጅ አይወጡም። አንዲት ታናሽ እህት አለችኝ፤ በዚያ ዓመት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ታላቅ ወንድማችን መርካቶ ይሠራል፤ እንደ አገራችን ልማድ ለመስቀል ይመጣል።

ዲሹን ያመጣው ይኸው ወንድማችን ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በዲኤስቲቪ መታየት ጀምሮ ነበርና፣ በ2014 ዓ.ም. መስቀል ሲመጣ ዲኮደሩን በሻንጣው፣ ሳህኑን በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ አድርጎ መጣ። ለእናቱ ስጦታ ነው አለ። እናቴ ኳስ አታይም። ኢንተርኔቱን ግን ያስገባሁት እኔ ነኝ። በ2015 ዓ.ም. ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ስመደብ፣ ለትምህርት ነው፣ ለእህቴም ይጠቅማል እያልኩ ወተወትኩ፤ ከገባ በኋላ እኔው ትቼው ሄድኩ።

ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዕቃው ሁሉ ዋጋ እንዴት እንደ ሆነ እናንተም ታውቁታላችሁ። ወንድሜ ለ2017 መስቀል ሲመጣ ፊቱ እንደ ወትሮው አልነበረም። በዓሉ በዚያ ዓመት ዓርብ ስለ ዋለ ክትፎው ለቅዳሜ አደረ። ቅዳሜ ማታ ከተበላ በኋላ፣ ንግዱ እንደ ተቀዛቀዘና ከእንግዲህ ወርኃዊውን ክፍያ መላክ እንደማይችል አንገቱን ደፍቶ ነገረን።

እኔ ያን ጊዜ ወረቀትና እስክሪብቶ አመጣሁ። የዲሹና የቤቱ ኢንተርኔት ሁለቱ በአንድነት በወር 1,800 ብር ያህል ይወስዱ ነበር፤ በዓመት 21,600 ብር መሆኑ ነው። ይህን ድምር ጮኽ ብዬ ሳነብ እናቴ እጇን አፏ ላይ አደረገች። በበርበሬ ወቅት ዕቃ በዱቤ እየወሰደች፣ የዱቤውን ጭማሪ እየከፈለች የምትነግድ ሰው ናትና ገንዘቡ ምን ማለት እንደ ሆነ ከእኔ ይልቅ እርሷ ታውቃለች። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ላይ ጌታ ስለዚያ ግንብ ሊሠራ ስለ ወደደ ሰው የተናገረውን አስታወስኳቸው፤ አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን የማይቈጥር ሰው መሠረቱን ጥሎ ሲያቅተው የመንገደኛ መሣቂያ እንደሚሆን። ኢሳይያስም በምዕራፍ 55 እንጀራ ላልሆነ ነገር ገንዘብ የሚመዝኑትን እንደሚጠይቅ ጨመርኩ። በግቢ ጉባኤ የተማርኩትን ሁሉ በዚያች ማታ አወረድኩት ማለት ይቻላል።

ሁለቱም እንዲቋረጡ፣ ገንዘቡም በሳምንት 450 ብር እየሆነ በእናቴ ስም ዕቁብ እንዲገባ ወሰንን። ዕቁቡ 20 ሰው ያለበት ነው፤ ዕጣው የወጣለት ሰው 9,000 ብር ይወስዳል። ወሰንን እላለሁ እንጂ የተናገርኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። እናቴ፣ "እንግዲህ የተማርከው አንተ ነህ ልጄ" አለች። እህቴ ዝም አለች። አባባ እንደ ሁልጊዜያቸው ጥግ ላይ ባለው መደብ ተቀምጠው ነበር፤ እርሳቸውን የጠየቀ ሰው የለም።

የእኔ የስልክ ፓኬጅ በዚያ ወረቀት ላይ አልተጻፈም ነበር። ወንድሜ ለኪስ ከሚልክልኝ ላይ በወር 400 ብር ያህል ለኢንተርኔት አወጣ ነበር። ረስቼው ነው እንዳልል አልረሳሁትም። ያ የእኔ ነው ብዬ ነው።

በጥቅምት ወደ ወልቂጤ ተመለስኩ። ለጓደኞቼ፣ በእኛ ቤት ዲሽም ዋይፋይም የለም፣ በእነርሱ ፈንታ ዕቁብ እንጥላለን እያልኩ ማውራት ጀመርኩ። አንዳንዱ አደነቀኝ። ጾመ ነቢያት በኅዳር 15 ሲገባም፣ ዓይንም ጆሮም መጾም እንዳለባቸው ለታናናሾቻችን ሳስተምር የቤታችንን ነገር በምሳሌነት አቀረብኩ። ማታ ማታ ግን በአልጋዬ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንቤ የአርሴናልን ግቦች በስልኬ አይ ነበር። ለእርሱም ሰበብ ነበረኝ፤ ድካም ነው፣ ፈተና ነው፣ አንድ ግብ ማየት ምን አለበት።

ለጥምቀት ወደ ቤት መጣሁ። በዚያ ዓመት ከተራ የዋለው ቅዳሜ ነበር። ነጠላዬን አጣፍቼ ከእናንተ ጋር ለመዘመር ስወጣ አባባ ከመደባቸው ላይ ጠሩኝ።

"ነጭ ለብሰሃል፤ ዛሬ ምንድን ነው?"

"ከተራ ነው እኮ አባባ።"

"ታቦት ሊወጣ ነው?"

"አዎ አባባ፤ ሊወጣ ነው።"

ሌላ ነገር አልተናገሩም። ሻሻቸውን ከራሳቸው አውርደው ጭናቸው ላይ አደረጉት፤ ወደ በሩም ፊታቸውን አዞሩ። እኔ ግን እግሬ እንደ ታሰረ ቆምኩ። ባለፉት ዓመታት እህቴ በቤቱ ኢንተርኔት በስልኳ የእሑዱን ቅዳሴ፣ የበዓሉን ማኅሌት ትከፍትላቸው ነበር። ስልኩን በስኳር ጣሳ ላይ አስደግፋ ታቆምላቸዋለች፤ እርሳቸው ተንሥኡ ሲባል በመደቡ ላይ ወገባቸውን ቀና ያደርጋሉ። ማታ ደግሞ ዜናውን ያያሉ። ቀኑን፣ ጾሙን፣ በዓሉን የሚያውቁት በዚያ ነበር። እኔ ከዘጋሁት ወዲህ ባሉት ሦስት ወራት የቀን መቁጠሪያቸው ጠፍቶ ነበር፤ አንድ ቀንም አላጉረመረሙም። የማያጉረመርም ሰው ያልተጎዳ ይመስለናል።

በዚያው ሰሞን የእህቴን ነገርም ሰማሁ። ለፈተና የሚያዘጋጁ ጥያቄዎች የሚለቀቁት በቴሌግራም በመሆኑ ወደ ጓደኛዋ ቤት እየሄደች ታወርድ ኖሯል፤ አንዳንድ ቀን ሲመሽ ብቻዋን ትመለሳለች፣ እናቴም በር ላይ ቆማ ትጠብቃታለች። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ምን ያህል እንደ ከበደ ታውቃላችሁ፤ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ነበሩ። በዚህች ጠባብ በር ለማለፍ ለምትታገል ልጅ ኢንተርኔቱ ቅንጦት እንዳልነበረ ሊገባኝ ይገባ ነበር። በነገሩ ስወቅሳት፣ ለምን አልነገርሽኝም ስላት፣ ዓይኔን እያየች፣ "አንተ ከራስህ ምን ቀነስክ?" አለችኝ።

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ ምዕራፍ 12 ነቢዩ ናታን ወደ ዳዊት ገብቶ ስለ ሁለት ሰዎች የነገረውን ሁላችንም ተምረነዋል። ባለጸጋው ብዙ በግና ላም ነበረው፤ ድኻው ግን ከልጆቹ ጋር ያሳደጋት አንዲት በግ ብቻ ነበረችው። እንግዳ በመጣ ጊዜ ባለጸጋው የራሱን ሳስቶ የድኻውን በግ ወስዶ አረደ። ይህን ታሪክ ስንማር ሁልጊዜ ስለ ዳዊት ኃጢአት ብቻ እናስብ ነበር። እኔ በዚያች ሌሊት ያሰብኩት ግን ስለ እንግዳው ነው። እንግዳ መቀበል መልካም ሥራ ነው፤ አባታችን አብርሃም የተመሰገነበት ነው። ባለጸጋው ለክፉ ነገር አልነበረም በግ የፈለገው። ክፋቱ መልካሙን ሥራ በሌላ ሰው በግ መሥራቱ ላይ ነው። ዕቁብ መጣል መልካም ነው፣ ዕዳ መክፈል መልካም ነው፤ እኔ ግን ለዚያ መልካም ነገር ያረድኩት የአባባን አንዲት በግ ነው፤ የራሴን መንጋ በኪሴ ይዤ።

ዳዊት ራሱ በኋላ ይህን የተማረው ይመስለኛል። በዚያው መጽሐፍ መጨረሻ ላይ ኢያቡሳዊው ኦርና አውድማውን፣ በሬዎቹንም ያለ ዋጋ ልስጥህ ባለው ጊዜ እንቢ አለ፤ ምንም ያላወጣበትን መሥዋዕት ለአምላኩ ሊያቀርብ አልፈለገም፤ 50 ሰቅል ብር መዝኖ ገዛው። የእኔ ጾም ግን ለእኔ አንድ ሳንቲም አልፈጀም። ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 የሚወቅሳቸው ጾመኞችም እንዲሁ ነበሩ፤ በጾማቸው ቀን የገዛ ፈቃዳቸውን እያደረጉ ሌላውን ያስጨንቁ ነበር።

ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተገድበው እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። አምስት ወር ሙሉ ያለ እነርሱ መኖር ይቻል እንደ ነበር ሊያስተምረን በተገባ ነበር። እኛ ግን በመጀመሪያው ሳምንት ቪፒኤን ስንለዋወጥ ከረምን። የተከለከሉትን ማጣት ጾም አይደለም፤ ፈቅደው የተዉት ነው ጾም። አባባና እህቴ እንግዲህ አልጾሙም፤ ተከለከሉ እንጂ። ከልካዩም እኔ ነበርኩ።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችሁ፣ ታዲያ ዲሹም ኢንተርኔቱም ተመልሰው ይከፈቱ ልትል ነው ወይ ትሉ ይሆናል። አይደለም። ወጪው ከአቅማችን በላይ ነበር፤ ያ እውነት ነው። በየወሩ የሚከፈለው በአብዛኛው ለኳስ እንደ ነበርም የታወቀ ነው። ከጎረቤታችን ሙስሊም ጓደኛዬ ጋር ሆነን ስንጮኽ የቤቱ ሰው እንቅልፍ ያጣ ነበር። ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራ የጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው፤ አባባ ሲያጫውቱን በዚያን ጊዜ ቴሌቪዥን ያለው ቤት የሰፈሩ ሁሉ ቤት ነበር። ዛሬ ደግሞ በእንሴኖም በቡታጅራም ጨዋታ ማየት የፈለገ ጥቂት ብር ከፍሎ ዲኤስቲቪ ቤት ይገባል። የእኛ ቤት ብቻውን ለብቻው ሊከፍል የሚገባበት ምክንያት አልነበረም። ስሕተቱ መቁረጡ ላይ አልነበረም፤ ማን ምን እንደሚያጣ ሳይጠይቁ መቁረጡ ላይ ነው።

የአገራችን ሰው በመዋጮ ምን ሊሠራ እንደሚችል ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በቡታጅራ በኩል ወደ ሆሳዕናና ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወስደው መንገድ በ1950ዎቹ የተጀመረው፣ የዓለምገና ወላይታ ሶዶ መንገድ ሥራ ድርጅት የተባለ ማኅበር አቋቁመው የአካባቢው ተወላጆች ባዋጡት ገንዘብና መንግሥት ባደረገው እገዛ ነው። አዲስ አበባ ያለው ከንግዱ፣ አገር ቤት ያለው ከእርሻው አወጣ። ይህን ታሪክ የቁጠባ ምሳሌ አድርጌ ብዙ ጊዜ ተናግሬዋለሁ። ሁሉም ከየራሱ ኪስ አወጣ የምትለዋን ቃል ግን አልፋት ነበር።

ከጥምቀት በኋላ እንደገና ወረቀቱን አወጣን። በዚህ ጊዜ የጻፈችው እህቴ ናት፤ የመጀመሪያው መስመር ላይ የእኔን 400 ብር ጻፈች። ወንድሜ ከመርካቶ በወር የማይከፈልበት አሮጌ ሪሲቨር ላከ። አንድ ባለሙያ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ያንኑ ሳህን ወደ ኢትዮሳት አቅጣጫ አዞረው፤ ዜናው አለ፣ መንፈሳዊ ጣቢያዎችም አሉበት። ከእኔ 400 ብር ለእህቴ የወር ፓኬጅ ተገዛላት። እኔ ለወሬና ለትምህርት በግቢው ዋይፋይ እጠቀማለሁ፤ ከግቢ ስወጣ ስልኬ ስልክ ብቻ ነው። ቀላል ነበር ብዬ አልዋሻችሁም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እጄ ሳላዝዘው ወደ ኪሴ ይሄድ ነበር፤ ሁለት ጊዜም ወድቄ በድብቅ ፓኬጅ ገዝቻለሁ። ለንስሐ አባቴ ተናግሬዋለሁ።

ዕቁቡስ? ዕጣው ለእናቴ የወጣው በ17ኛው ሳምንት፣ ጥር መጨረሻ ላይ ነው። ያን ጊዜ ርካሹ በርበሬ አልፎ ነበር። ያሰበችውን ያህል መግዛት አልቻለችም፤ ከዱቤዋ ግማሹን ከፈለችበት፣ በቀረው ጥቂት ዛላ ገዛች። የወረቀት ስሌት ገበያን አያዝዘውም፤ ያንን እርሷ ታውቅ ነበር፣ እኔ አላውቅም ነበር። ቢሆንም ከዚያ ወዲህ ዕቁቡን አላቋረጠችም።

አሁን ከሁሉ የባሰውን ልንገራችሁ። አዲሱ ሪሲቨር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ቅዳሴውን ከፍቼ ከአባባ ጎን ተቀመጥኩ፤ የካስኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። እርሳቸው ጥቂት አዩና፣ "ይኼ የሌላ አገር ቤተ ክርስቲያን ነው፤ የእኛ ደብር እንዴት ሆነ?" ብለው ጠየቁኝ። ቈጠርኩት። ዲሹ ከገባ ወዲህ ባሉት ከሦስት ዓመታት በላይ አባባን ደግፎ ወደ ቤተ ክርስቲያን የወሰዳቸው ሰው አልነበረም። ቀድሞ ለበዓል ለበዓል ወንድሜና እኔ ግራና ቀኝ ይዘን እንወስዳቸው ነበር። ሥዕሉ በቤት ከመጣ በኋላ ግን፣ ቅዳሴ እያዩ ነው እኮ፣ ተባባልን፤ ያን ተባብለን ተውናቸው። ስለዚህ ዲሹን ስዘጋ በደልኳቸው ማለቴ እውነት ነው፤ ዲሹ ክፍት በነበረም ጊዜ ግን በድለናቸው ነበር፤ እርሱ ሸፍኖልን ነው። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ስለ ታመሙትና ስለ ታሰሩት ሲናገር የሚጠይቀን ወደ እነርሱ ስለ መሄዳችን ነው፤ የሚያዩት ነገር ስለ ማቅረባችን አይደለም።

በየካቲት ወር አንድ እሑድ ባጃጅ ጠራን። እህቴ ነጠላቸውን አለበሰቻቸው፤ እኔና ያ አርሴናል የሚደግፈው ጎረቤቴ ተሸክመን አሳፈርናቸው፤ እርሱ እስከ ቅጽሩ በር ድረስ አብሮ መጥቶ ከእዚያ ተመለሰ። አባባ በዐውደ ምሕረቱ አጠገብ ካለው ዛፍ ሥር በወንበር ተቀምጠው አስቀደሱ። ቅዳሴው ሲያልቅ ሽማግሌዎች መጥተው ሳሟቸው፤ አንዳንዶቹ የሞቱ መስሏቸው እንደ ነበር በሣቅ ነገሯቸው። አባባም ሣቁ። ጠበሉን ሲጠጡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለ ነበር ጽዋውን ያዝኩላቸው።

ከዚያ ወዲህ እኔ ቤት ባለሁ ጊዜ ሁሉ ይሄዳሉ። የባጃጁን የምንከፍለው ከዚያው ከ400 ብር በሚተርፈው ነው። ወልቂጤ ስሆን ግን የሚያነሣቸው ሰው የለም፤ እናቴና እህቴ ብቻቸውን አይችሉም። እንደ እርሳቸው ከቤት የቀሩ በአጥቢያችን ሌሎች አራት አረጋውያንን አውቃለሁ፤ እናንተ ከዚያ በላይ ታውቃላችሁ። በዚህ ነገር ሊተባበር የሚወድ ወንድም ወይም እህት ስሙን ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ጸሐፊ ይስጥ። ለአንድ ሰው ሁለት ደጋፊ ይበቃል፤ እሑድ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ባጃጁ መንገዱ ዳር ቆሞ ይጠብቃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።